እምብርት ያላቸውና የሌላቸው

አክስት በሞተች በሁለተኛው ሳምንት ከእጅ ቦርሳዋ አንድ ደብተር ወጣ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ማንንም ከማንም ያላጣላች ሴት፣ በዚያ ደብተር የተነሣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘመድ አዝማዱን አበጣበጠችው።

ደብተሩን የገለጠው የወንድሟ ልጅ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ስለሚል ዘመድ ሁሉ «ረጅሙ» ይለዋል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ፈለገ፤ አገኘው፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ወራሽ የሟች ደብተር ሲገልጥ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘቡ የት እንዳለና ስለ እሱ ምን እንደተባለ። ገንዘብ አልነበረም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

«ረጅሙ» ብሎ ጀመረ፤ ፊቱ በራ። «ረጅሙ፦ እምብርት የለውም። ከወገቡ በላይ ባዶ ነው። ስፌቱ እስከ አፉ ይደርሳል።»

ፊቱ ጠፋ። እምብርት የለውም የሚባለው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ቢበላ የማይጠግብ፣ ቢሰጡት የማይበቃው፣ ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ።

«ከወገቤ በላይ? ከወገቤ በላይ እኮ ጭንቅላቴም አለ!»

«እሱን ማለቷ ነዋ» አለች ሚስቱ፤ ነገርን ለሌላው መተርጎም አይከብድም። «ስፌት ያለችውም አፉ ይሰፋ ለማለት ነው።»

ረጅሙ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ረጋ ብሎ ቀጣዩን መስመር አነበበላት። «ቀይዋ፦ ቀለሟ ላይ ላዩን ነው። ቢፋቅ ሌላ ናት። ለእንግዳ ብቻ።» ሚስቲቱን ዘመድ ሁሉ የሚጠራት ቀይዋ እያለ ነው። መስተዋት ፊት በቀን አርባ ደቂቃ እንደምትቀመጥም ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የተረጎመችው ነገር የለም።

ሦስተኛው ዘመድ «ሆዳሙ» የሚለው የረጅሙ የአጎት ልጅ ነበር። «ሆዳሙ፦ እምብርት አለው። ሲመቱት ይዘፍናል።» ይህ ሰው ጎረምሳ ሳለ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ በሁለት ጥፊ የጓደኞቹን ስም ከነአባቶቻቸው ዘርዝሮ የወጣ ነው። ነገሩ ተረስቷል ብሎ ሠላሳ ዓመት ተዝናንቷል። ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ የያዘውን ብስኩት ግን አላስቀመጠም።

ደብተሩ ውስጥ ስሟን ያላገኘችው የረጅሙ ታናሽ እህት ብቻ ነበረች። ይህች ሴት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ብልቃጥ አጥባለች። ብልቃጥ ማጠብ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ዶክተሩ ቢሳሳት «የሕክምና ውስብስብነት» ይባላል፣ አጣቢዋ ብትሳሳት የጤነኛው ደም የበሽተኛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ወደ ብርሃን አንሥታ አሽከርክራ ሳታይ አታስቀምጥም። የእህት ወንድም ልጆች «ማይክሮስኮፕ» ብለዋት ቀርቷል። ሽንኩርት ስትገዛ ሻጮቹ ይሸሿታል።

አክስት ለወንድምና ለእህት የተወችው አንድ ቡፌና በውስጡ ያሉት ስልሳ አንድ ብርጭቆዎች ነው። ለሠላሳ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል የብርጭቆ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ደርዘኑ ተሰብሮ አንድ የቀረውን፣ ሆቴሉ «ጎዶሎ» ብሎ የሚጥለውን ወደ ቤቷ ታመጣለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ የሞተ ሰው ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ እየሄደች አንድ፣ ሁለት ትገዛ ነበር። ምን እንደሆኑ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዘመድ እስክትሞት ድረስ የብርጭቆዎቹን አቧራ ነበር የሚያየው።

«ሁሉንም ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እሸጠዋለሁ» አለ ረጅሙ። «ሰኞ ይምጣና በጅምላ ይጫነው። የሰደበችኝ ሴት ብርጭቆ ቤቴ አይገባም።»

«ጋሼ፣ ምን እንደሆኑ ሳናውቅ?» አለች እህቱ።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው!»

«ስለማላውቅ እኮ ነው።»

ይህ ለረጅሙ አልገባውም። ለእሱ የማያውቁትን ነገር መሸጥ ከሚያውቁት ይቀላል። ለእሷ ግን ሽፋኑ ያልተነሣ ብልቃጥ አሽቀንጥሮ እንደመጣል ነው። እስከ ሰኞ ጠብቅ አለችው፤ እስከ ሰኞ ምን እንደሆኑ ካልነገረችው ይጫኑ። እሺ ያላት ለእሷ ብሎ ሳይሆን ነጋዴው ከሰኞ በፊት መኪና ስለሌለው ነው።

ነጋዴው ዕቃውን ለማየት ሐሙስ መጣ፤ ማይክሮስኮፕ ተቀበለችው። አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከሌላው ነጋዴ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሌላው የራሱን ዕቃ ያሞግሳል፣ ይህኛው የሰውን ያጥላላል። ሰውዬው አጭር፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የቀብር ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማር። እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ።»

«ቡፌው ጥሩ ነው።»

«ብርጭቆዎቹስ?»

ተነፈሰ። አንዱን ባለ እግር አንሥቶ ገለበጠው፤ አውራ ጣቱን ከሥሩ አሳረፈ። «ይህ እንግዲህ ቆሻሻ ነው።» ሁለተኛውን አነሣ፣ ገለበጠ፣ ነካ። «ይህ ያምራል። ለልጆች ጁስ።» ሦስተኛውን ገለበጠ። «ምጽ! ጠማማ። አያዩትም ጠማማነቱን? የሰከረ ሰው የሠራው ነው።» እንዲህ እያለ መደርደሪያውን ሊጨርስ ደረሰ።

«ሥሩ ላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለችው።

አውራ ጣቱ ቆመ። «የት?»

«ሁሉንም ገለበጡት።»

«እ… ዋጋ ተለጥፎበት እንደሆን ብዬ ነዋ።» ሳቀ፤ ብቻውን። ከዚያ ለስልሳ አንዱም፣ ቡፌውን ጨምሮ፣ የእሷን የአንድ ወር ደሞዝ የሚያህል ዋጋ ጠራ። ዋጋውን የጠራው ልጁን ለመስጠት የተገደደ አባት በሚያወጣው ድምፅ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ነጋዴው ተረቱን በአውራ ጣቱ ያውቀዋል። በሩን እንደዘጋች «ቆሻሻ» ያለውን ባለ እግር ብርጭቆ አንሥታ ገለበጠችውና የእሷንም ጣት ሰደደችው። ሥሩ መካከል ላይ ትንሽ ሻካራ ጉድጓድ አለች፤ ዳርዳሯ ያበጠ፣ መካከሏ የጎደጎደ፣ ጠባሳ የምትመስል። «ለልጆች ጁስ» ያለውን ገለበጠች። ልሙጥ። «ጠማማውን» ገለበጠች። ጠባሳ።

የዚህን ጠባሳ ምንጭ ታውቀዋለች። ድሮ ላቦራቶሪው ውስጥ የተሰበረ ብልቃጥ በእሳት የሚጠግን፣ ትንፋሹ የሚሉት ሽማግሌ ነበር። እሱ አሳይቷታል፤ በትንፋሽ የተነፋ ብርጭቆ አፉ እስኪስተካከል ድረስ ከሥሩ በብረት ዘንግ ይያዛል፤ ሥራው ሲያልቅ ቀጭ ተደርጎ ከዘንጉ ይላቀቃል፤ የተላቀቀበት ቦታ ምልክት ይቀራል። ፋብሪካ በቅርጽ ማውጫ የሚያመርተው ብርጭቆ ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልቆረጠውም፤ ምልክትም የለውም። ጣቷን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ እንዳስገባች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አፏ ብቻውን «እምብርት» አለ።

ከዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ስልክ አነሣች።

«ጋሼ፣ ደብተሩን አምጣልኝ።»

«የስድቡን? ምነው፣ አልጠገብሽም?»

«ስድብ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? ምርቃት?»

«የብርጭቆ ዝርዝር ነው።»

«እኔ ብርጭቆ ነኝ?» አለ ረጅሙ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ደብተሩን «ማስረጃ ነው» ብሎ አልጋው ሥር ቆልፎበት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቀይዋ ቁልፉን ከሱሪው ኪስ ወስዳ ይዛው መጣች። የመጣችው ነገሩን ስላመነች አይደለም፤ አንድ ሰው ቀለምሽ ላይ ላዩን ነው ብሎ ሲጽፍብሽ፣ የተጻፈው ስለ ሌላ ነው የምትል አንዲት ነፍስ ከተገኘች ባሕር አቋርጠሽ ትሄጃለሽ።

ማይክሮስኮፕ ከላቦራቶሪ ሚዛን ተውሳ፣ ባልዲ ውኃ ሞልታ፣ የጠረጴዛውን ልብስ አጥፋ በፎጣ ሸፍናው ነበር። ብርጭቆዎቹን በሙሉ አውጥታ ገለበጠቻቸው። ስልሳ አንድ ሥር ወደ ላይ ቆመ።

«ቀይዋን ፈልጊ» አለች ቀይዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ።

ደም የመሰለች አንዲት ባለ ክዳን ዋንጫ ነበረች፤ ከጎኗ የወይን ዘለላ ተቀርጾባታል። ማይክሮስኮፕ ወደ መስኮቱ አነሣቻት። ቅርጹ የገባበት ቦታ ሁሉ ጥርት ያለ ነጭ ብርጭቆ ነው፤ ቀዩ ከላይ የተቀባ ስስ ቅብ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ቆዳ።

«አየሽ? ሁለንተናዋ ቀይ ቢሆን ኖሮ የተቀረጸውም ቀይ ይሆን ነበር። ከላይ ነው የተቀባችው። ቶሎ ቶሎ ብትታጠብ ቀለሟ ይለቃል፤ ለዚህ ነው ለእንግዳ ብቻ ያለችው።»

ቀይዋ ዋንጫዋን ተቀብላ አገላበጠቻት። «ታዲያ ምን አለበት ላይ ላዩን ቢሆን?» አለች። «ቆንጆ ናት።»

«ማን ምን አለ?»

«ብቻ ቆንጆ ናት እያልኩ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሊያቆማት የቻለ አልነበረም። ሆዳሙን ያገኘችው እሷ ናት፤ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ አጭር የወይን ማቅረቢያ። ከሥሩ እምብርት አለው። በጥፍሯ ሆዱን ነካ ስታደርገው ድምፁ ክፍሉን ዞሮ፣ ላለመጥፋት እየተለማመጠ እንደ ደወል ቆየ። ሁለቱም እስኪያልቅ ሰሙት። «አቤት! የእኛው ሆዳም እንዲህ ቢዘፍን ኖሮ ፖሊሶቹም አይለቁትም ነበር» ብላ ቀይዋ ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች።

ማይክሮስኮፕ ግን በጆሮ ብቻ የምታምን ሴት አይደለችም። በክር አስራ ውኃ ውስጥ ሰቅላ መዘነችው። ተራ ብርጭቆ ካፈናቀለው ውኃ ሁለት ተኩል እጥፍ ይመዝናል፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ጥሩ ብርጭቆ ግን ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ሆዳሙ ሦስት እጥፍ ሞላ። የደብተሩን መስመር አንድ በአንድ እያነበቡ፣ አንዱን እያነሡ፣ እየነኩ፣ እየነቀነቁ፣ እየመዘኑ ዋሉ። «አንካሳዋ፦ እግሯ ተቀጥሏል፤ አትነገር» የሚለው ዘመድ ውስጥ አንካሳ ስለሌለ ማንንም አላስቀየመም ነበር፤ ለካ እግሯ በሙጫ የተጣበቀ ብርጭቆ ኖራለች። «መንትዮቹ፦ አይተዋወቁም» የሚለው ደግሞ አንድ የሚመስሉ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ፤ አንዱ በእጅ የተሠራ፣ ሌላው በፋብሪካ የተቀዳ።

ከስልሳ አንዱ እምብርት ያላቸው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ማይክሮስኮፕ ሐሙስ ነጋዴው የተናገረውን በቃሏ ይዛ ነበርና አስተያየችው። እሱ ቆሻሻ፣ ጠማማ፣ ሰካራም የሠራው ያለው ሁሉ እምብርት አለው። ያሞገሰው ሁሉ የለውም። ከዚህ የበለጠ የታመነ ሚዛን ላቦራቶሪም የለው!

ዋጋው ግን ቀረ። የአንድ ነገር ዋጋ ሻጭ ሆነው ሲጠይቁና ገዢ ሆነው ሲጠይቁ ሁለት ነው፤ ገበያ የሚባለው ማታለያ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ጎዳና ወጡ። ቀይዋ የምትለብሰውን ስለምታውቅ ሀብታም ሆነች፤ ማይክሮስኮፕ ተከታይ። በሦስት ሱቅ ገብተው «እንዲህ ያለ፣ ሥሩ እምብርት ያለው፣ የሚዘፍን ማቅረቢያ ይኖራችኋል?» አሉ። አንደኛው ሻጭ «እሱማ እመቤት፣ በእጅ የተነፋ ነው፤ መቶ ዓመት አልፎታል» ብሎ የጠራው ዋጋ፣ ነጋዴው ለስልሳ አንዱና ለቡፌው ከሰጠው እጥፍ ነበር። ቀይዋ «ርካሽ ነው፤ እንመለሳለን» ብላ ወጣች። ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ ሳቋን ያዘች።

እሑድ ረጅሙ መጣ፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ። በደብተሩ መሰረቅ ሊከስ ነበር የመጣው። እህቱ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ፊቱ አቆመችለት። ቁመቱ ክንድ ይሆናል። ከወገቡ በታች ድፍን ብርጭቆ ነው፣ ከወገቡ በላይ ባዶ። ከጎኑ ሁለት የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ከታች ተነሥቶ እስከ አፉ ይወጣል።

«ስፌቱ» አለች። «በማሽን የወጣ ነው ማለት ነው። እስኪ ገልብጠው።»

ገለበጠው። ልሙጥ።

«እምብርት የለውም» አለ ረጅሙ በቀስታ። ከዚያ ሳቅ ጀመረው፤ ከወገቡ በታች ተነሥቶ እስከ አፉ ወጣ። «እና እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ የከሳሁት በዚህ ነው? አክስቴ! አክስትዬ! እኔ እኮ እሷን…» ሳቁ መካከል ላይ ቆመ። ደብተሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጠ። እንደገና ገለጠ።

«ምን ትፈልጋለህ ጋሼ?»

«እኔን።»

«አልነገርኩህም? የብርጭቆ ዝርዝር ነው።»

«እና ስለ እኔ ምንም አልጻፈችም ማለት ነው?»

«አልጻፈችም።»

«አንድ መስመር? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አክስቴ ሆና? በአውቶቡሴ ስንቴ በነፃ ሄዳለች!»

«ስድቡ ይሻልህ ነበር?»

«ስድብም እኮ መታሰብ ነው!» አለ ረጅሙ፤ አልቀለደም። ተቀየመ። ሲሄድ የአበባ ማስቀመጫውን በብብቱ ሸጉጦ ሄደ። ምንም አያወጣም ብትለውም፣ «ማን እሸጠዋለሁ አለሽ?» አላት። በጅምላ መሸጡን ግን ሳይነገረው ተወው፤ «ሰኞ አንቺ ተቀበይው፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለ። ከዚህ በላይ ይቅርታ ከእሱ የሰማ የለም።

ሰኞ ጠዋት ነጋዴው መኪናና ሁለት ተሸካሚ ይዞ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹ በሁለት ተከፍለው ቆመዋል፤ በቀኝ እምብርት ያላቸው፣ በግራ የሌላቸው። ቀኙን ሲያይ ፊቱ ላይ የቀብር አነጋገሩ ትንሽ ተንሸራተተ።

«እናቴ፣ ማን ለየልዎት?»

«ሐሙስ እርስዎ ነዎት የለዩልኝ። ቆሻሻዎቹ እነዚህ ናቸው።»

ሰውዬው ብልጥ ነበር፤ ብልጥ ደግሞ ሲሸነፍ ጊዜ አያባክንም። ተሸካሚዎቹን ውጭ ጠብቁ አላቸው። አንድ በአንድ ተከራከሩ። እሷ «ጠማማ» ስትል እሱ ዋጋ ጨመረ፤ እሱ «ተሰንጥቋል» ሲል እሷ ወደ ብርሃን አንሥታ ስንጥቁን አሳየኝ አለችው። በሙጫ የተቀጠለችውን አንካሳ ግን አልደበቀችም፤ አክስት አትነገር ብትልም ላቦራቶሪ ያደገ ሰው ጉድለት መደበቅ አይችልበትም። ነጋዴው በዚህ ተገርሞ አንካሳዋን ከሌሎቹ ይልቅ በደህና ዋጋ ወሰዳት። ቀይዋ ዋንጫ ለሽያጭ አልቀረበችም፤ ባለቤቷ ቅዳሜውኑ ወስዳታለች። ሆዳሙም አልተሸጠም፤ የአጎታቸው ልጅ ይቅርታ የሚጠየቀው በእሱ ነው ተብሎ ተወስኗል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ማይክሮስኮፕ ከመሳቢያ አንድ ነገር አወጣች። ጭስ የመሰለ ሰማያዊ፣ የጡጫ መጠን ያለው፣ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ሁለት አፍ ያለው ብርጭቆ ነው። ሲያቆሙት ይወድቃል። ከባድ ነው፤ ሲመቱት ግን አይዘፍንም። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አክስት ስለ እሱ የጻፈችው እንዲህ ብቻ ነበር፦ «ይህስ? እምብርቱ ጎኑ ላይ።»

ነጋዴው ተቀበላት። ገለበጠው፤ አውራ ጣቱ ከሥሩ ምንም አጣ፤ ጎኑ ላይ አገኘው። ወደ መስኮቱ ሄደ። ተመለሰ። ቆሻሻ ነው ለማለት አፉን ከፈተ፤ ማይክሮስኮፕ ጠበቀች። አፉን መልሶ ዘጋው።

«ምንድነው?» አለችው።

«አላውቅም» አለ ነጋዴው።

ይህን ቃል ከሰውዬው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ተሸካሚዎቹ ይነግሩን ነበር፤ ሁለቱም በበሩ ብቅ ብለው አዩት። ማይክሮስኮፕ ግን ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችው።

«ይሸጣል?» አላት፤ ልማድ ነው።

«ምን እንደሆነ ሳናውቅ?»

ራሱን ነቀነቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ኮቱን አወለቀ፤ መኪናው በሰዓት የሚከፈልበት መሆኑን የረሳ ይመስላል። «እናቴ፣» አላት፣ «እስኪ ትንሽ ውኃ ያምጡ። በሰፊው አፍ እንሙላና በየት እንደሚወጣ እንየው።»